የአሥራ ሦስት ወር ሀላቃ ልጅ

አገርነሽ ዳልጮ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ የተመደበችበት ትምህርት ስሙ ረጅም ነበር፤ «ፋሽን፣ ሚዲያና ማኅበረሰብ» ይባላል። አርባ ምንጭ ሴቻ ባለው ሰፈራችን ይህን ስም አንዴ ሰምቶ ሳያዛንፍ የደገመ ሰው አላጋጠመኝም። እናቷ ፀዳለ «የልብስና የቴሌቪዥን ትምህርት» ትለዋለች። ባጃጅ የሚነዳው ጎረቤታችን ጋሻዬ ደግሞ ልጅቷ በበሩ ባለፈች ቁጥር፣ አራት ዓመት ሙሉ ልብስ መልበስ ተምረሽ ልትመረቂ ነው፤ ሳንማር የለበስነው እኛስ ምን ልንባል ነው እያለ ያስቃታል። እሷ አንደኛ ምርጫ አድርጋ የሞላችው ፋርማሲ ነበር። ሳይደርሳት ሲቀር ሁለት ቀን አለቀሰች፤ በሦስተኛው ቀን ሻንጣዋን አዘጋጀች።

አባቷ ዳልጮ አልሳቀም፣ አልተቆጣምም። «ልብስ የሚማሩት እዚህ ነው» ብሎ እግሩን ያስገባበትን ጉድጓድ በአገጩ ጠቆመና መወርወሪያውን ወደ ማዶ ላከው።

ዳልጮ ሸማኔ ነው። የሽመና ዕቃው የተተከለው ግቢያቸውን ከግቢዬ በሚለየው አጥር ሥር፣ በቆርቆሮ ዳስ ውስጥ ስለሆነ፣ ሃያ ዓመት ያህል የጠዋት ሰዓቴ የእሱ ሽመና ድምፅ ነበር። መጻፍ የምጀምረው እሱ ሲጀምር ነው፤ ሲያቆም ደግሞ ምን ሆኖ ይሆን ብዬ ቀና እላለሁ። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ትከሻው ከሥራ ብዛት ወደ ፊት የጎበጠ ሰው ነው። አገርነሽ ከልጅነቷ ጀምሮ አጠገቡ ቁጭ ብላ ማጉን በቀሰም ላይ ታጠነጥንለት ነበር። ክር ሲበጠስ እሱ ሳያየው በፊት እሷ በድምፁ ታውቀዋለች። ይህን የነገረኝ ራሱ ነው፤ ልጁን በሰው ፊት ሲያመሰግን የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ግን ሰፈሩ ሁሉ ያይበታል። በመስቀል ሰሞን የጋሞ ሰው ባለበት አይውልም። ነጋዴው ሱቁን፣ ሠራተኛው ቢሮውን ዘግቶ ወደ ደጋው ስለሚወጣ ሴቻም፣ ሌላው የከተማችን ክፍል ሲቀላም ባዶ ይሆናሉ። ፀዳለም ልጇን ይዛ ወደ ትውልድ አገራቸው ወደ ዶርዜ ትወጣለች። ዳልጮ «እጄ ላይ ሥራ አለ» ይልና ይቀራል። ከተማው ጸጥ ባለበት በዚያ ሳምንት የሚሰማው የእሱ ሽመና ነው። ለሠርግም ሆነ ለለቅሶ ወደዚያ ወጥቶ አያውቅም። ምክንያቱን አውቅ ነበር፤ ግን አንድም ቀን አላነሳሁበትም።

አገርነሽ ሦስተኛ ዓመት ላይ ስትደርስ ኃይለመስቀል የሚባል ወጣት መምህር አንድ የቤት ሥራ ሰጣቸው። እያንዳንዱ ተማሪ ከቤቱ አንድ ልብስ ይዞ ይመጣል፤ ከዚያ ልብሱን ማን እንደሚለብሰው ሳይሆን ማን መልበስ እንደማይችል ለክፍሉ ያስረዳል። አንዷ የአያቷን የቄስ ካባ አመጣች፤ አንዱ የወንድሙን የፖሊስ ኮፍያ፤ ሌላዋ ደግሞ እናቷ ለሠርጓ ለብሳው ከዚያ ወዲህ ያልነካችውን ቀሚስ። አገርነሽ አባቷ ሲሠራ የተረፈ ቁራጭ ዱንጉዛ ይዛ ቀረበች፤ ያን ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር እየተቀያየረ የሚወርደውን የጋሞ ጨርቅ። ክፍሉ ሳቀ። አንዱ ልጅ ይሄንንማ ባጃጅ ሳይቀር ለብሶታል አለ። እውነቱን ነው፤ የጋሻዬ ባጃጅ ወንበር የተለበጠው በዱንጉዛ ነው። ዱንጉዛ ቦርሳ ሆኗል፣ ኮፍያ ሆኗል፣ የሆቴል መጋረጃ ሆኗል። በቴሌቪዥን የባህል ጨፋሪው ሁሉ ለብሶት ይታያል።

መምህሩ አልሳቀም። ድሮስ ሁሉም ሰው ይለብሰው ነበር ወይ ብሎ ጠየቃት። አገርነሽ አላወቀችም። እንግዲያው መቼና እንዴት ለሁሉም እንደተለቀቀ አጣሪ አላት። ያ ጥያቄ ቀስ እያለ የመመረቂያ ሥራዋ ሆነ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ቤት መጥታ አባቷን ጠየቀችው። መወርወሪያው መንገድ ላይ ቀረ። ዳልጮ ድሩን በመዳፉ ዳበስ ዳበስ አደረገና «እሱን እናትሽን ጠይቂ» አላት። 

ፀዳለ ጥጥ እየፈተለች ነገረቻት። በእነሱ መንደር ሀላቃ ማለት ሕዝብ መርጦት፣ ለሕዝብ ትልቅ ድግስ ደግሶ፣ አገሩን ለማገልገል ቃል የሚገባ ሰው ነው። በመስቀል ሰሞን ከሽማግሌዎች ጋር ገበያውን ዞሮ ለሕዝብ ይታያል። ያን ቀን የሚለብሰው የዱንጉዛ ሱሪ ከዚያ በፊት የማንም እግር ያልገባበት መሆን አለበት። ሱሪውን የሚሠራው ሸማኔ እንኳ የሰውየውን ልክ በገመድ ይወስዳል እንጂ እስቲ ልሞክረው ብሎ እግሩን አያስገባም።

በ1993 ዓ.ም. ለሀላቃነት የተመረጠው አበጋዝ የሚባል ገበሬ ነበር። ሱሪውን እንዲሠራ የተሰጠው ደግሞ የሃያ ስምንት ዓመቱ ዳልጮ ነው። ግንቦት ላይ ሥራው ባለቀ በማግስቱ ካላንደር የሚያሳትም አንድ የክር ነጋዴ የላከው ፎቶ አንሺ መንደሩ ደረሰ። ጨርቁን አይቶ ተደነቀ፤ ግን ሰው ካልለበሰው ፎቶ አይሆንም አለ። አበጋዝ ዘመዶቹን ለድግሱ ለመጥራት ገረሴ ሄዶ ነበር። ፎቶ አንሺው ፀሐይዋ ሳትሄድብኝ፣ ለአንድ ደቂቃ ብቻ እያለ ለመነ። ዳልጮ ለበሰ።

«ምን አስቦ ነው?» አለቻት አገርነሽ።

«ምን ያስባል፤ ሥራው አምሮለት ነበር» አለች ፀዳለ።

ፎቶው አዲስ አበባ ሄዶ እዚያው የሚቀር መስሎት ነበር። መስከረም አንድ ቀን የነጋዴው የ1994 ካላንደር ወጣ። ከጨንቻ እስከ ገረሴ በየሱቁና በየሻይ ቤቱ ግድግዳ ላይ ዳልጮ የሀላቃ ሱሪ ለብሶ ቆሟል። መስቀል ሊደርስ አሥራ ስድስት ቀን ነው የቀረው። የማያውቀው ሰው አዲሱ ሀላቃ ይህ ነው እንዴ ይል ጀመር። አበጋዝ አንድ ቃል ሳይናገር ሄዶ ሌላ ሸማኔ ዘንድ ሌላ ሱሪ አዘዘ፤ ሰውየው ተጣድፎ ለበዓሉ አደረሰለት። ገበያ ደግሞ ቀልደኛ አያጣም። ዳልጮን «የአሥራ ሦስት ወር ሀላቃ» ብለው ሰየሙት፤ ካላንደሩ ሲያልቅ ሹመቱም ያልቃል ለማለት ነው። ሕፃናት ሳይቀሩ ከኋላው እየተከተሉ ዛሬ ስንት ቀን ቀረዎት ይሉት ጀመር። ጥቅምት ላይ ዳልጮ የሽመና ዕቃውን ነቀለ፤ ፀዳለ የአራት ወር ልጇን አዘለች፤ ወደ አርባ ምንጭ ወረዱ።

እኔ በዚያ ዓመት ጨንቻ አስተምር ነበር። ካላንደሩ የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ተሰቅሎ ነበር። ቀልዱንም ሰምቻለሁ፤ ስቄያለሁም። ዓመቱ አልቆ ሊጣል ሲል ወስጄ አስቀመጥኩት፤ ብዙ ነገር እንዲሁ አስቀምጣለሁ። ስለዚህ አገርነሽ በአጥሩ በኩል መጥታ «ጋሼ፣ የዘጠና አራትን ካላንደር አይተውት ያውቃሉ?» ስትለኝ ከመጻሕፍቱ መካከል አውጥቼ ሰጠኋት። አባቷን ማስፈቀድ እንዳለብኝ ትዝም አላለኝ።

ቆማ ብዙ አየችው። በፎቶው ላይ ዳልጮ ከቀርከሃ ቤት ፊት ለፊት ቆሟል፤ ከበስተኋላው ጉም አለ። ፎቶ አንሺውን አያይም። አንገቱን ሰበር አድርጎ የሚያየው የራሱን ጉልበት ነው። እኔ ያን ሁሉ ዓመት ዓይን አፋርነት ይመስለኝ ነበር። አገርነሽ ጣቷን አሳርፋ አሳየችኝ፤ ሁለቱ ጨርቆች የተገጠሙበትን ስፌት ነው የሚያየው፤ ቀዩ ከቀዩ፣ ጥቁሩ ከጥቁሩ ጋር ልክ መገናኘቱን። «ሀላቃ እንዲህ አይቆምም፤ ሸማኔ ነው እንዲህ የሚቆመው» አለችኝ። ከዚያ ወረቀቱን ጠቅልላ ይዛ ሄደች።

በአራተኛው ዓመት ተማሪዎቹ የሥራቸውን ቁራጭ በማኅበራዊ ሚዲያ ለቀው ሕዝቡ የሚሰጠውን አስተያየት መሰብሰብና መተንተን ነበረባቸው። አገርነሽ ያን ፎቶ ቲክቶክ ላይ ለቀቀችው። የአባቷን ስም አልጻፈችም፤ የመንደሩንም አልጻፈችም። ከሥሩ «ይህን ልብስ ማን መልበስ ይችላል?» የሚል ጥያቄ ብቻ አስቀመጠች። ስሙን ካልጻፍኩ ማን ያውቀዋል ብላ ነበር። ሃያ ዓመት ያለፈው ነገር፣ የተረሳ ነገር መሰላት።

መጀመሪያ የመጣው አስተያየት መልካም ነበር። ጨርቁ ያምራል፣ ሰውየው ያምራል፣ የት ይገኛል የሚል ነው። በሁለተኛው ቀን አንድ የጨንቻ ሰው «ይሄ የአሥራ ሦስት ወር ሀላቃ አይደለም እንዴ?» ብሎ ጻፈ። ከዚያ በኋላ የሚያቆመው ጠፋ። ያን ጊዜ ያልተወለዱ ልጆች ስሙን ተቀባበሉት፤ ዜማ አበጁለት፤ ቀድተው ቀድተው ሁለት መቶ ሺህ ሰው አየው። አገርነሽ ስታጠፋው ሌሎች ዘንድ ቀርቷል።

ለዳልጮ ያሳየው ጋሻዬ ነው። በክፋት አይደለም። ፎቶው የማን እንደሆነ አላወቀም፤ ጋሽ ዳልጮ፣ ይሄ ሰውዬ ወንድምዎን አይመስልም ብሎ ስልኩን አቀበለው። ዳልጮ የተበጀለትን ዜማ እስከ መጨረሻው ሰማ፣ ስልኩን መለሰለት፣ አመሰገነው። በማግስቱ ጠዋት ሽመናው አልተሰማም። በሚቀጥለውም ቀን እንዲሁ። አገርነሽ በአምስተኛው ቀን ከዩኒቨርሲቲ ስትመጣ ዳሱ ውስጥ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጦ አገኘችው። እግሩ ላይ ልትወድቅ ስትል ያዛት። «እኔ አንድ ጊዜ ለበስኩት» አላት። «አንቺ ሁለተኛ አለበስሽኝ።»

 መቆጣት ቢቆጣት ይሻላት እንደነበር ነግራኛለች።

መምህር ኃይለመስቀል በበኩሉ በሥራዋ በጣም ደስ ብሎት ነበር። በአንድ ፎቶ ሁለት ጊዜ፣ በካላንደርና በስልክ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ተለያይቶ የደረሰ ነገር ሌላ ተማሪ አላገኘም። ይህን እንዳለ ብታቀርበው ከክፍሉ አንደኛ እንደምትወጣ፣ ምናልባትም ለረዳት መምህርነት እንደሚያስጠራት ነገራት። አባቴ ነው ስትለው ደነገጠ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ይቅርታ ጠየቃት፤ ግን ሥራው ከዚህ ፎቶ ውጭ ምን ይቀረዋል አላት። ማቅረቢያው ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር።

በዚያው ቅዳሜ አገርነሽ ለእናቷ ብቻ ነግራ ወደ ዶርዜ በሚወጣው ሚኒባስ ተሳፈረች። ሽቅብ ሲወጣ የሐይቆቹ ሙቀት ከኋላ ቀርቶ ቀርከሃውና ጉሙ ሲመጣ ሹራብ አለመያዟ ትዝ አላት። ሀላቃ አበጋዝን ያገኘችው ከቤቱ ጀርባ የእንሰት ቅጠል ሲቆርጥ ነው። ሰባ ዓመት አልፎታል፤ ሲያዳምጥ አንድ ዓይኑን ይጨፍናል። የማን ልጅ መሆኗን ስትነግረው ቢላውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ያወሩት በጋሞኛ ነው፤ እሷ በኋላ እንደነገረችኝ እጽፈዋለሁ።

ቪዲዮውን አይቶታል፤ የልጁ ሚስት አሳይታዋለች። አገርነሽ ከእናቷ እንደሰማችው አባቷ ሃያ ሁለት ዓመት እንዳልወጣ፣ የሚጠራው ሰው ሲጠብቅ እንደኖረ ነገረችው። ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀ።

«እኔም ስጠብቀው ነው የኖርኩት» አላት። «ልጥራው? ከጠራሁት ከሰስኩት ማለት ነው። ከከሰስኩት ሽማግሌ ይቅጣው ማለት ነው። መቀጣቱን አልፈለግሁም፤ ስለዚህ ዝም አልኩ።»

«እሱ ደግሞ ያልጠሩኝ ስላልማሩኝ ነው ይላል።»

«ያጠፋ ሰው እርጥብ ሣር ይዞ ራሱ ይመጣል። ይህን አባትሽ ያውቀዋል።»

ታዲያ ሣሩን እኔ ይዤለት ብመጣስ አለችው። አይሆንም አላት፤ ሣር የሚይዘው ያጠፋው እጅ ነው፤ በውክልና አይያዝም።  ከዚያ፣ እንግዲያው እኔም አጥፍቻለሁ፤ ፎቶውን የለቀቅኩት እኔ ነኝ፤ አባቴንም እርስዎንም መሳቂያ አድርጌያለሁ፤ የራሴን ሣር ይዤ ልምጣ አለችው።

አበጋዝ የተጨፈነውን ዓይኑን ከፈተ። «መምጣትስ ትችያለሽ» አላት። «ግን ያላገባች ልጅ ዱቡሻ ላይ ብቻዋን አትቆምም። ከኋላዋ አባቷ ይቆማል። ደንቡ ነው፤ እኔ አላወጣሁትም።» ይህን ሲላት ፊቱ ላይ ፈገግታ አይታለች። ቆጮ በዳጣ አብልቶ፣ ከፖሙ ዛፍ እንዲቀጥፉላት አድርጎ ሸኛት።

እሁድ ጠዋት ለአባቷ ነገረችው። በሚመጣው ቅዳሜ የመንደሩ ሽማግሌዎች በሚሰበሰቡበት ሜዳ፣ ዱቡሻ ላይ፣ ቆማ ጥፋቷን ልትናገር ነው።

«ማን ይቆምልሻል?» አላት ዳልጮ።

«አጎቴን እጠይቀዋለሁ።»

ዳልጮ መልስ አልሰጠም። ሰኞና ማክሰኞም አልሰጠም። ረቡዕ ጠዋት እኔ መስኮቴ ሥር ተቀምጬ ሳለ ሽመናው ሲጀምር ሰማሁ፤ ትንሽ ሄደና ቆመ። ከዚያ በአጥሩ ማዶ «አጎትሽ አባትሽ ነው እንዴ?» ሲል ሰማሁት። አገርነሽ ክፍል ነበረች፤ ቤት ውስጥ ያለችው ፀዳለ ብቻ ናት። ፀዳለ ወጥታ ጋቢውን ማጠብ ጀመረች።

ዱቡሻው ላይ እኔ አልነበርኩም። ትላልቅ ዛፎች ሥር ያለ ሣር ሜዳ ነው፤ ሽማግሌዎቹ በየማዕርጋቸው በድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። በመጀመሪያ ምርቃት ሆነ፤ ዝናቡ በጊዜው ይውረድ፣ እንሰቱ ይስፋ፣ የሄደ ይመለስ ተባለ፤ ሕዝቡ ተቀበለ። ከዚያ አገርነሽ በሁለት እጇ እርጥብ ሣር ይዛ ተንበረከከች። ያደረገችውን ሁሉ ተናገረች፤ ፎቶውን እንዴት እንዳገኘች፣ ለምን እንደለቀቀችው፣ ስሙን አለመጻፍ እንደሚበቃ መስሏት እንደነበር። አንድ ሽማግሌ አሁን ምስሉን ምን ልታደርጊው ነው አላት። የተበተነውን መሰብሰብ እንደማትችል፣ እሷ ግን ከእንግዲህ በትምህርቷም በሌላም እንደማታወጣው ቃል ገባች። ይህን ስትል መምህሯ ያላት ሁሉ ፊቷ ላይ እንደመጣባት፣ ግን ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ እንደቀለላት ነግራኛለች።

«ከኋላሽ የቆመው ማነው?» አሏት።

ሁሉም ያውቁታል። ከመካከላቸው አሥራ ሁለቱ ያህል አብሮ አደጎቹ ናቸው። አገርነሽ ልትመልስ አፏን ስትከፍት ዳልጮ ጎንበስ አለና ከእጇ ካለው ሣር እኩሌታውን ወሰደ። ከዚያ ከጎኗ ተንበረከከ።

«ዳልጮ ነኝ» አለ። «ልጄ ያጠፋችው የእኔን ጥፋት ተከትላ ነው። ያልተሰጠኝን ለብሻለሁ። ሳልጠራ መምጣት ሲገባኝ ጥሩኝ ብዬ ተቀመጥኩ።»

 ከሽማግሌዎቹ ሁሉ የሚያንሰው፣ በልጅነታቸው ከዳልጮ ጋር እንጨት ይለቅም የነበረው፣ ጥያቄ አለኝ አለ። ካላንደሩ ስንት ወር ነበረው ብሎ ጠየቀ። ዳልጮ አቀርቅሮ አሥራ ሦስት አለ።

«ታዲያ አንተ ምን ሆነህ ነው ሃያ ሁለት ዓመት ተሰቅለህ የቆየኸው?»

መጀመሪያ የሳቀው አበጋዝ ነው። ከዚያ ሜዳው ሁሉ ሳቀ፤ ዳልጮም ትከሻው እስኪነቃነቅ ሳቀ፤ አገርነሽ ግን ሲስቅ ይሁን ሲያለቅስ መለየት አልቻልኩም ነበር ትላለች። አበጋዝ ተነስቶ ሣሩን ከሁለቱም እጅ ተቀበለ። ቅጣት አልተባለም።

አገርነሽ አባቷ አብሯት የሚመለስ መስሏት ነበር። ማክሰኞ ሥራዋን በተመራቂዎች ዐውደ ርእይ ላይ ስታቀርብ ከፊት ወንበር ላይ እንዲቀመጥ ቦታ አስይዛለታለች። ዳልጮ ግን ሚኒባሱ ድረስ ሸኝቷት ቆመ። ከዕርቅ በኋላ ለቅሶ ያልደረሰ ሰው ከአገሩ አይወጣም አላት። በእነዚያ ሃያ ሁለት ዓመታት ስንት ሰው እንደሞተ፣ የስንቱን ቤት ደጃፍ እንዳልረገጠ በየቤቱ እየገባ ሊያውቀው ነው። የመጀመሪያው ቤት የአበጋዝ ነበር፤ ሚስቱ ከሞተች ስድስት ዓመቷ ነው።

ስለዚህ አገርነሽ ማክሰኞ ዕለት ያለ አባቷ ቀረበች። እኔና ፀዳለ ሄደን ነበር። ባዶውን ወንበር ጋሻዬ ተቀመጠበት። ፎቶው አልነበረም። በእሱ ፋንታ የሀላቃ ልክ የሚወሰድበትን ገመድ ግድግዳው ላይ ዘርግታ፣ አንድ ልብስ ከአንድ ሰው ወገብ ተነስቶ እንዴት ባጃጅ ወንበር ላይ እንደደረሰ ተናገረች። በደንብ ተናገረች። ከፈታኞቹ አንዱ፣ ጎልቶ ሊታይ የሚችል ምስል እንደጎደላት ሲነግራት፣ አዎ ጎድሎኛል አለች፤ ምክንያቱን አልዘረዘረችም። መምህር ኃይለመስቀል አቀርቅሮ ይጽፍ ነበር። ውጤቷ ቢ ሆነ። ረዳት መምህርነቱ ለሌላ ተማሪ ደረሰ። ዛሬ ሲቀላ ውስጥ አንዲት ትንሽ ክፍል ተከራይታ ለሸማኔዎች ሥራቸውን በስልክ ፎቶ አንስታ ገዢ ታፈላልጋለች። ከማንሳቷ በፊት ጨርቁ የማን እንደሆነ፣ ማን ሊለብሰው እንደታሰበ ትጠይቃለች፤ አንዳንዱ ሸማኔ ይሰለቻል፣ አንዳንዱ ቁጭ ብሎ ሲያወራ ይመሻል።

ካላንደሩን በዚያው ሳምንት መለሰችልኝ። የት ላስቀምጠው እስከ አሁን አላወቅሁም።

ዐውደ ርእዩ ባለቀ በሦስተኛው ቀን፣ ሽመናው ዝም እንዳለ፣ ፀዳለ አጥሩ አጠገብ ቆማ ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጋ ታወራ ነበር። አገርነሽ አጠገቧ ተቀምጣ ሙዝ እየላጠች ታዳምጣለች። ፀዳለ መቼ ነው የምትመጣው አለችው። ዳልጮ ገና ነው አላት፤ የላይኛውን ሰፈር ዛሬ መጨረሱን፣ የታችኛው ግን ብዙ ሰው የሞተበት መሆኑን፣ በየቤቱም ሳይበላ እንደማያስወጡት ነገራት። ድምፁ ጎልቶ ይሰማል፤ እዚህ ሆኖ እንዲህ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

«የታዘዘው ሥራስ?» አለችው ፀዳለ። «ሰዎቹ እየመጡ ይጠይቃሉ።»

«ለቅሶ ላይ ነው በያቸው።»

«የማን ለቅሶ ነው ልበላቸው?»

 «የሁሉም» አላት።